48 ጠብታ

እሺ... እየቀዳ ነው? ሰላም ናችሁ። ዛሬም ከቱሉ ዲምቱ፣ ዛሬም ብርድ ልብስ ውስጥ ነኝ። ከኋላ የምትሰሙት ጋሽ ቧንቧ ነው። አዎ፣ አሁንም አላሠራሁትም። አትሳደቡ።

ስለ ፈተናው ልነግራችሁ ነበር፤ ተዉት። ቅዳሜ ሌሊት ነው ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው።

በነርስ ተማሪነቴ የሕፃናት ዋርድ ተረኛ ነበርኩ። ልጁ 14 ኪሎ ነው፤ ጉሉኮስ ልሰቅልለት ነው። ለመጀመሪያዎቹ 10 ኪሎ፣ በኪሎ 4 ሚሊ ሊትር። ለቀሪው 4 ኪሎ ደግሞ በኪሎ 2። 40 እና 8፣ በሰዓት 48። ይሄ ሂሳብ ሆሊዴይና ሲጋር የሚባሉ ሐኪሞች በፈረንጆቹ 1957 ካሳተሙት ሥራ የመጣ ነው። ሆሊዴይ! ስሙ በዓል የሆነ ሰው የእኛን በዓል ሲበላው።

ብቻ፣ ማይክሮ በሚባለው፣ ጠብታው ትንሽ በሆነው ቱቦ ከሆነ ቀላል ነው። ማይክሮ 60 ጠብታው 1 ሚሊ ሊትር ነው፤ ሰዓቱም 60 ደቂቃ። ስለዚህ በሰዓት 48 ሚሊ ሊትር ማለት በደቂቃ 48 ጠብታ ነው። ማሰብ አያስፈልግም። እኔም አላሰብኩም።

ሰዓቴን ይዤ ቆጠርኩ። 48። ደግሜ ቆጠርኩ። 48። ኩራቴን ብታዩት!

ሴቱ ግን ማክሮ ነበር። ሴት የምንለው ጉሉኮሱ የሚወርድበትን ቱቦ ነው። እማዬ "ሴቱ" ስል በሰማች ቁጥር "ሴት ከሆነች ሴቷ በይ እንጂ" ትለኛለች። እና የዚያ ማክሮ 20 ጠብታው ነው 1 ሚሊ ሊትር የሚሆነው። መቁጠር የነበረብኝ 16 ነው። ሦስት እጥፍ ለቀቅኩበት። ማሸጊያው ላይ ተጽፏል እኮ! በገዛ እጄ ነው ቀድጄ የጣልኩት።

ያወቀችው እናትየው ናት። ቡና እንዳይገነፍልባት እንደምትጠብቅ ሰው ጠብታውን ስታይ ነው ያመሸችው። "ሲስተርዬ፣ ይሄኛው ከትናንቱ አልፈጠነም?" አለችኝ።

እኔ ምን አልኩ? "አይ፣ አስልቼዋለሁ።"

አስልቼዋለሁ! ደግሞ እውነቴን ነው፣ ስሌቱ ልክ ነበር። እሱ ነው የሚያበግነኝ። ድምፄም ትዝ ይለኛል፤ ትንሽ ቆጣ ብያለሁ። ሦስት አልጋ አልፌ ሄድኩ። ከዚያ እግሬ እንቢ አለኝ። ተመልሼ ሳይ... ጠብታው ትልቅ ነው። ሲወድቅ ድብልብል ይላል። እንዴት አላየሁትም?

ዘጋሁት። ሮጬ ለስታፍ ነርሷ ነገርኳት። 20 ደቂቃ ወርዷል። የሰዓቱን ሙሉ 48 ሚሊ ሊትር በ20 ደቂቃ ጠጥቶታል፤ መግባት የነበረበት 16 ነው። ትንፋሹን አየች፣ ደረቱን አዳመጠች፣ ተረኛ ሐኪሙን ጠራች። ደህና ነው አሉ። ልጁ ከእንቅልፉም አልነቃ።

ግን ፖታሲየም የተጨመረበት ቢሆንስ? እሱ ሲፈጥን ልብ ያቆማል። ተምሬዋለሁ፣ ተፈትኜበታለሁ፣ ደፍኜዋለሁም። አልነበረበትም። አልነበረበትም እሺ።

ጠዋት ታክሲ ውስጥ ረዳቱን ሳየው ነበር። የሙሉ ታክሲ ሂሳብ በቃሉ ነው የሚሠራው። መጀመሪያ የተሰጠውን ብር ገልጦ ያያል፣ ከዚያ ነው መልስ የሚቆጥረው። እኔ ደግሞ ሦስተኛ ዓመት... ተዉት፣ እሱንም አንድ ቀን መልስ አሳስቶብኝ ተጣልተናል።

እና ዋናው ነገር ይሄም አይደለም መሰለኝ።

ሊነጋጋ ሲል እናትየዋ ጠራችኝ። "አንቺ ባትመለሺ ምን ይውጠን ነበር፤ እጅሽ ይባረክ" አለችኝ። ሌላ ሰው አጥፍቶ እኔ ያስተካከልኩ ነው የመሰላት። እንዴት እንደመሰላት አላውቅም፤ የከፈትኩት እኮ እኔ ነኝ፣ ስከፍተው እያየችኝ። ወይስ ገብቷት ነው? አውቃ ነው እንዴ የመረቀችኝ?

አሜን አልኩ። ጎንበስ ብዬ፣ አሜን።

ስታፍ ነርሷ ሰምታለች። ምንም አላለችም። እኔም ማክሰኞ ስገባ ለእናትየዋ እነግራታለሁ ብዬ ነበር፤ አልጋው ላይ ሌላ ልጅ ተኝቷል። ድነው ወጥተዋል። ደስ ሊለኝ ይገባል፤ ደስም ብሎኛል፣ ግን...

ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ እቆጥራለሁ። ጋሽ ቧንቧ ማታ በደቂቃ 22 ነበር። አሁን ግን... ቆዩ እስቲ። ውሃ ሊመጣ ነው መሰለኝ፣ በርሜሉን ሳልከፍተው...