ለዕለት ተዕለት ፎቶ ካሜራ ስትገዙ ሜጋፒክስሉን ለጊዜው ተዉት

(በስክሪኑ፦ ሁለት ትንንሽ ካሜራዎች ጎን ለጎን። በአንደኛው ሳጥን ላይ “64 ሜጋፒክስል” ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ሌላው ሳጥን የለውም፤ ጠርዙ ላይ ቀለሙ ለቋል።)

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? እነዚህን ሁለት ካሜራዎች እዩልኝ። የመጀመሪያው አዲስ ነው፤ 64 ሜጋፒክስል ይላል፣ ፎቶው ከ64 ሚሊዮን ነጥብ የተሠራ ነው እንደ ማለት። ሁለተኛው ሰው የተጠቀመበት ነው፤ 20 ሜጋፒክስል ብቻ ነው። ያገለገለ ሆኖ ሳለ ዋጋው ከአዲሱ ይበልጣል። የቤተሰብና የጓደኛ ፎቶ የሚያነሳ ሰው የትኛውን ልግዛ ቢለኝ ሳላመነታ ሁለተኛውን እለዋለሁ። ለምን?

እስቲ የምታነሷቸውን ፎቶዎች አስቡ። ማታ ሳሎን ውስጥ የሚሯሯጡ ልጆች። ሻማ የሚያጠፋ የልደት ባለቤት። ምሽት ላይ መንገድ ዳር የቆመ ጓደኛ። በአብዛኛው መብራቱ ደብዛዛ ነው፣ ሰዉ ደግሞ ይንቀሳቀሳል። ጠራራ ፀሐይ ላይ ማንኛውም ካሜራ ደህና ፎቶ ያነሳል። የካሜራ ማንነት የሚታወቀው ብርሃን ሲያንስ ነው። ስለዚህ ገንዘባችሁን የምታወጡት ብርሃን ለሚሰበስብ ነገር ይሁን። እሱም ሁለት ነው፦ ሴንሰሩና ሌንሱ።

(በስክሪኑ፦ ሁለት አራት ማዕዘኖች፣ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ትልቅ።)

ሴንሰር ማለት ከሌንሱ ጀርባ ተቀምጦ ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል ነው። ብዙ ርካሽ ካሜራዎች ውስጥ ያለው “1/2.3 ኢንች” የሚባለው ነው። ሲለካ በግምት 6.2 በ4.6 ሚሊሜትር ነው፤ ከትንሿ ጣታችሁ ጥፍር ያንሳል። ከእሱ ከፍ የሚለው “1 ኢንች” ይባላል። ስሙ እንዲህ ይሁን እንጂ አንድ ኢንች የሚሆን ምንም ነገር የለውም፤ 13.2 በ8.8 ሚሊሜትር ነው። አጠራሩ የመጣው ከድሮ የቪዲዮ ካሜራ ቱቦዎች ነው፤ ያኔ የሚለካው የብርጭቆው ቱቦ ውጫዊ ስፋት ነበር። እና በስሙ አትሸወዱ፣ ስፋቱን እዩ። ትንሹ ወደ 28 ካሬ ሚሊሜትር ነው፣ ትልቁ 116። አራት እጥፍ ማለት ነው። ማታ የተነሳ ፎቶ ላይ ይህ አራት እጥፍ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ጥቁሩ ቦታ በነጠብጣብ አይሞላም፣ የሰው ፊትም የራሱን ቀለም ይይዛል።

ታዲያ ሜጋፒክስሉስ? ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 10 በ15 ሴንቲሜትር የሆነውን የተለመደ ፎቶ በጥሩ ጥራት ለማሳተም 1800 በ1200 ነጥብ ይበቃል። ይህ ከ2 ሜጋፒክስል እምብዛም አይበልጥም። 4ኬ ቴሌቪዥን ሙሉ ስክሪኑ 8.3 ሜጋፒክስል ነው። ኤ4 ወረቀት የሚያክል ፎቶ ወደ 9 ሜጋፒክስል ይፈልጋል። እንግዲህ 10 ወይም 12 ካለው ለአልበምም፣ ግድግዳ ላይ ለሚሰቀልም ይበቃል።

ሳጥኑ ላይ 64 ያለው ካሜራ ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው። ስማቸው የማይታወቅ በጣም ርካሽ ካሜራዎች ላይ ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ የሴንሰሩ አይደለም። ሴንሰሩ የሚያየው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው፤ የቀረውን ሶፍትዌሩ መሃል መሃሉን በግምት ይሞላዋል። የምታገኙት ትልቅ ፋይል ነው፣ ትልቅ ፎቶ ግን አይደለም። ፊቱን አጉልታችሁ ስታዩት ቅንድቡና ፀጉሩ እንደ ቀለም ቅብ ተለስኖ ታገኙታላችሁ። ይህን በጣም የምቃወመው፣ የሚገዛው ሰው ብዙውን ጊዜ ገንዘብ አጠራቅሞ የመጀመሪያ ካሜራውን የሚገዛ ሰው ስለሆነ ነው። ለልጁ ስጦታ የሚገዛ ወላጅ ነው።

እንዴት ትለዩታላችሁ? መግለጫውን አንብቡ። “ዲጂታል ዙም 16 እጥፍ” ብሎ ስለ ኦፕቲካል ዙም፣ ማለትም ሌንሱ ራሱ ተንቀሳቅሶ ስለሚያጎላው፣ ምንም ካላለ፣ ሌንሱ አይንቀሳቀስም ማለት ነው። ዲጂታል ዙም ፎቶውን ቆርጦ ማጉላት ነው፤ ያንን ስልካችሁ ላይ በሁለት ጣት ታደርጉታላችሁ። የሴንሰሩ መጠን የትም ካልተጻፈም እለፉት።

(በስክሪኑ፦ የካሜራ ሌንስ በጣም ተጠግቶ። ቀለበቱ ላይ “8.8-36.8 ሚሜ 1:1.8-2.8” ይነበባል።)

አሁን ወደ ሌንሱ እንሂድ። እዚህ ላይ ቆየት እንበል፣ ምክንያቱም ስለ ካሜራው ብዙ ነገር የተጻፈው እዚህ ቀለበት ላይ ነው። ይህ የካነን ጂ7 ኤክስ ሌንስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ፣ 1 ኢንች ሴንሰር ያለው ትንሽ ካሜራ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች ዙሙን ይነግሯችኋል። 36.8ን ለ8.8 አካፍሉት፤ ወደ 4.2 ይመጣል። አራት እጥፍ ዙም አለው ማለት ነው።

የሚቀጥሉት ሁለቱ ይበልጥ ይጠቅሟችኋል። 1.8 እና 2.8። እነዚህ ሌንሱ ምን ያህል ሰፍቶ እንደሚከፈት ይናገራሉ፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ብርሃኑ ይበዛል። የመጀመሪያው ዙም ሳታደርጉ፣ ሁለተኛው እስከ መጨረሻው ዙም ስታደርጉ ነው። ቁጥሩ በእጥፍ ሲያንስ ብርሃኑ በአራት እጥፍ ይጨምራል። 1.8 ላይ የሚከፈት ሌንስ 3.6 ላይ ከሚከፈተው አራት እጥፍ ብርሃን ያስገባል።

አራት እጥፉ ምን ይጠቅመኛል ካላችሁ፣ ያቺን ሳሎን ውስጥ የምትሮጥ ልጅ አስቧት። ጠባቡ ሌንስ በቂ ብርሃን ለማግኘት 1/30 ሰከንድ ክፍት ሆኖ መቆየት አለበት እንበል። በዚያች ቅጽበት ልጅቷ እጇን ካወዛወዘች እጇ ፎቶው ላይ ብዥ ብሎ ይቀራል። ሰፊው ሌንስ ያንኑ ብርሃን በ1/125 ሰከንድ ገደማ ይሰበስባል። ጣቶቿ ይቆጠራሉ።

ብዙ ካሜራዎች ላይ ንዝረት ማረጋጊያ አለ፤ ጥሩ ነገር ነው። ግን የሚያረጋጋው የእናንተን እጅ እንጂ የልጅቷን አይደለም። ሻጮች እነዚህን ሁለቱን ሲያምታቱ እሰማለሁ።

ስለ ዙም አንድ ነገር ልበል። 30 እና 40 እጥፍ ዙም ያላቸው ኪስ የሚገቡ ካሜራዎች አሉ። ወፍ ለሚያነሳ፣ ከሩቅ መድረክ ለሚያነሳ ይሆናሉ። ግን ዙማቸው ሲረዝም የብርሃን ቁጥራቸው ከ6 በላይ ይወጣል፣ ሴንሰራቸውም ብዙውን ጊዜ ትንሹ ነው። ማታ ቤት ውስጥ ያ ሁሉ ዙም ብዙ አይረባም። ለዕለት ተዕለት ከሦስት እስከ አምስት እጥፍ ይበቃል ባይ ነኝ።

ስልክ እያለኝ ለምን ካሜራ እገዛለሁ የሚል ይኖራል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ቅርብ ጊዜ የወጣ ጥሩ ስልክ ካላችሁ ትንሹን ሴንሰር የያዘ ርካሽ ካሜራ ማታ ላይ ላይበልጠው ይችላል። ስልኩ በአንድ ጊዜ ብዙ ፎቶ አንስቶ እያዋሃደ ድክመቱን ይሸፍናል። ካሜራው የሚሰጣችሁ ሌላ ነው። እውነተኛ ዙም። እውነተኛ ፍላሽ፤ የስልክ ፍላሽ አብዛኛውን ጊዜ የኤልኢዲ መብራት ነው፣ የካሜራው የዜኖን ፍላሽ ግን በጣም አጭርና ኃይለኛ ስለሆነ የሚንቀሳቀሰውን ሰው ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። ደግሞ ካሜራ አይደወልበትም፣ መልእክት አይገባበትም። ለልጅ ሰጥታችሁ ራሱ እንዲያነሳ መፍቀድም ይቻላል፤ የልጅ ዓይን የሚያነሳቸው ፎቶዎች እኮ እኛ የማናያቸው ናቸው! ከእነዚህ አንዱም የማያጓጓችሁ ከሆነ ገንዘባችሁን ያዙ፣ ስልካችሁ ይበቃችኋል።

አሁን ያገለገለ የምለው ለምን እንደሆነ። እ.ኤ.አ. በ2010 በዓለም ላይ ከ120 ሚሊዮን በላይ ዲጂታል ካሜራ ለገበያ ቀርቦ ነበር። ከዚያ ስልክ መጣና ርካሹን ካሜራ ከገበያ አስወጣው። የታወቁት አምራቾችም ዋጋው ዝቅ ያለውን ካሜራ መሥራት እየተዉ ሄዱ። ስለዚህ ደህናውና ዋጋው የሚቀመሰው ካሜራ ዛሬ ያለው በሰው መሳቢያ ውስጥ ነው። ችግሩ፣ በቅርብ ዓመታት ትንንሾቹ ካሜራዎች እንደገና ፋሽን ሆነዋል፤ ስማቸው የገነነው ሞዴሎች ዋጋ ተሰቅሏል። ጂ7 ኤክስም አንዱ ነው። እንግዲያውስ ብዙ ያልተወራለትን ፈልጉ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የመጀመሪያው ሶኒ አርኤክስ100 ባለ 1 ኢንች ነው፣ ሌንሱ ከ1.8 ይጀምራል። ካነን ጂ9 ኤክስ አለ፤ ቀጭን ነው። ራቅ ያለ ነገር ማንሳት ለሚወድ ፓናሶኒክ ቲዜድ100፤ አሥር እጥፍ ዙም ከ1 ኢንች ሴንሰር ጋር።

አቅሜ እዚያ አይደርስም ካላችሁ ካነን ኤስ95ን እዩት። እ.ኤ.አ. የ2010 ካሜራ ነው፣ 10 ሜጋፒክስል ብቻ። ሴንሰሩ ከተለመደው ትንሽ ሰፋ ይላል፣ ሌንሱ ከ2.0 ይጀምራል። ያ 64 ሜጋፒክስል ነኝ ባይ አጠገቡ አይደርስም።

(በስክሪኑ፦ እጅ ካሜራውን እያገላበጠ።)

ያገለገለ ስትገዙ ሳታበሩት ዋጋ አትደራደሩ። አብሩትና ሌንሱ ሲወጣ ጆሮ ስጡት። ለስለስ ብሎ መውጣት አለበት፤ የሚንቋቋ ከሆነ ወይም መሃል ላይ ከቆመ ተዉት። የትንሽ ካሜራ ሌንስ ጥገና ከካሜራው ሊወደድ ይችላል። የስልካችሁን ባትሪ አብርታችሁ በሌንሱ ውስጥ በጎን ተመልከቱ። የሸረሪት ድር የሚመስል ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነው። ቀጥሎ ነጭ ግድግዳ ወይም ሰማይ አንሱ፤ አንዴ ዙም ሳታደርጉ፣ አንዴ እስከ መጨረሻው ዙም አድርጋችሁ። ሁለቱም ላይ ያው ቦታ ግራጫ ነጥብ ከታየ ሴንሰሩ ላይ አቧራ ገብቷል። ሌንሱ የሚፈታ ስላልሆነ በጨርቅ የምታጸዱት አይደለም። የካሜራው ባትሪ አብጦ እንደሆነ አውጥታችሁ እዩ። የባትሪው ክዳን በደንብ ይገጥማል? ቻርጀሩስ አብሮ አለ?

ሚሞሪውን ደግሞ አደራ። አንዳንድ የድሮ ኦሊምፐስና ፉጂፊልም ካሜራዎች የሚበሉት ኤክስዲ የሚባል ካርድ ነው፤ መመረት ካቆመ ቆይቷል። የድሮ ሶኒዎች ሚሞሪ ስቲክ ይፈልጋሉ። ኤስዲ የሚቀበሉትም ቢሆኑ እኩል አይደሉም፤ በጣም የቆዩት ከ2 ጊጋባይት በላይ አያነቡም፣ ከእነሱ በኋላ የመጡት 32 ላይ ያቆማሉ። ለቆየ ካሜራ 128 ጊጋባይት ካርድ ገዝቶ “ካሜራው ተበላሽቷል” ብሎ የሚመልስ ሰው አለ። ከመግዛታችሁ በፊት መመሪያውን ኢንተርኔት ላይ አውርዱና የሚቀበለውን ካርድ አረጋግጡ።

ካሜራውን ቤት ካስገባችሁ በኋላ ሚሞሪውን ካሜራው ውስጥ ፎርማት አድርጉት። ልጆች ስታነሱ የማንሻ ዘዴ መምረጫውን “ኤስ” ወይም “ቲቪ” የሚለው ላይ አድርጋችሁ ፍጥነቱን 1/125 ላይ አስቀምጡት፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) አውቶ ላይ ተዉት። ከሁሉ በፊት ግን ሰዓቱንና ቀኑን አስተካክሉ። ባትሪው ወጥቶ የቆየ ካሜራ ቀኑን ይረሳል፤ ሳታስተካክሉት ካነሳችሁ ዛሬ ያነሳችሁት ፎቶ ስልካችሁ ላይ ስታስገቡት ከስንት ዓመት በፊት ከነበሩት ጋር ተቀላቅሎ ይጠፋባችኋል።