የአሰብ መንገድ ሒሳብ

እንደምን ሰነበታችሁ፤ ከደሴ ነው። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ርዕሱንም እኔ መርጬዋለሁ ለማለት አልደፍርም። በዚህ ከተማ ቡና ከተፈላ፣ ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ውስጥ ወሬው ዞሮ ዞሮ አሰብ ላይ ያርፋል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ስለ ቀይ ባሕር በቴሌቪዥን ከተናገሩ ወዲህ ደግሞ ብሶበታል።

ክርክሩ አዲስ ነገር የለውም። አንደኛው ወገን «ኤርትራ ስትገነጠል የወሎ ጉሮሮ ታነቀ» ይላል። ሌላኛው «ምን ታነቀ? ጅቡቲ አለ አይደል እንዴ! ኢኮኖሚው ያደገውስ ከዚያ ወዲህ አይደል?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ፣ ሁለቱም ቁጥር ይጠራሉ፣ ቁጥሩን ከየት እንዳመጡት ግን አይጠየቁም። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ የነጋዴ መዝገብ ሳገላብጥ ነው የኖርሁት። በእኛ ሙያ ወጪ ያለ ቀን አይመዘገብም። የአሰብን ኪሳራ የሚያሰሉ ሰዎች ግን ሁሉንም ነገር «ሲገነጠሉ» በምትል አንዲት ቃል ሥር ያጭቁታል። በዚያች ቃል ውስጥ ቢያንስ ሰባት ዓመት አለ፤ በሰባት ዓመት ውስጥ ደግሞ ብዙ ነገር ሆኗል።

እስቲ ቀኑን እናስገባ። ሻዕቢያ አስመራን የያዘው በግንቦት 1983 ዓ.ም. ነው። ሕዝበ ውሳኔው የተካሄደው በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. ሲሆን 99.8 በመቶው ለነጻነት ድምፅ ሰጠ። ሠላሳ ዓመት የተዋጋ ሕዝብ ካርድ ሲጥል ስለ ወደብ ኪራይ እያሰላ ነበር ብሎ የሚያምን ካለ፣ ያ ሰው ከእኔ ጋር ባይከራከር ደስ ይለኛል። ግንቦት 16 ቀን 1985 ዓ.ም. ነጻነት ታወጀ። በማግሥቱ አሰብ ተዘጋ? አልተዘጋም። በሁለቱ መንግሥታት ስምምነት መሠረት አሰብና ምጽዋ ለኢትዮጵያ ዕቃ ክፍት ሆነው ቀጠሉ። አገር ሁለት ከሆነ በኋላ አምስት ዓመት ሙሉ የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ዕቃ በአብዛኛው የሚተላለፈው በዚያው በአሰብ በኩል ነበር።

ይህንን የነገረኝ መጽሐፍ አይደለም። አጎቴ በዚያ መስመር ላይ የተሳቢ ሹፌር ነበር። ጣልያን በወረራው ዘመን የከፈተውን መንገድ ይዞ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ ይወርዳል፤ ከዚያ ሚሌ፣ ሰርዶ፣ የዶቢ ጨዋማ ሜዳ፣ ኤሊዳር፣ ማንዳ፣ ቡሬ፣ ከዚያ ባሕሩ። ከሚሌ ወዲያ በቀን መንዳት ጎማ መግደል ነው ይላል፤ ስለዚህ ሌሊት ሌሊት ነበር የሚሄዱት። ረዳቱ ውሃውን በጀሪካን ሞልቶ በእርጥብ ጆንያ ይጠቀልልና ነፋስ በሚያገኘው በኩል፣ ከጋቢናው ውጭ ያንጠለጥለዋል። ጆንያው ደረቀ ማለት ውሃው ፈላ ማለት ነው፤ ረዳቱ ተኝቶ ጆንያው የደረቀ እንደሆነ በማግሥቱ ከሹፌሩ ስድብ የሚያተርፈው የለም። ሲመለሱ ጭነቱ ብዙ ጊዜ ጨው ነበር። ዛሬ የምንበላው ጨው ከአፍዴራ ነው፤ ያኔ ግን ወሎ ወጡን የሚያጣፍጠው በአሰብ ጨው ነበር። የባቲ ሰኞ ገበያ ላይ የጨው ጆንያ ከግመል ጎን ተደርድሮ ያየ ሰው ይህን አይረሳም።

ስለ 1985 ዓ.ም. ስጠይቀው አጎቴ የሚመልስልኝ ይህንኑ ነው፦ «ባንዲራው ተቀየረ፣ ፍተሻው በዛ፤ የምንከፍለው ግን በብር ነበር፣ የምንበላውም በብር።»

እኔን ያስቆመኝ ይህ ንግግሩ ነው። በብር! ኤርትራ ነጻ ከሆነች በኋላም ለአራት ዓመት ከመንፈቅ ያህል የምትገበያየው በኢትዮጵያ ብር ነበር። ስለዚህ ኢትዮጵያ ለወደብ አገልግሎት የምትከፍለው ራሷ ያተመችውን ገንዘብ ነበር ማለት ነው። ወደብ የሌለው አገር ሆና በገዛ ገንዘቧ የወደብ ኪራይ መክፈል፣ ይህ በዓለም ላይ ብዙ አገር የሚያገኘው ዕድል አይደለም። ስለ መገንጠል ኪሳራ የሚጮኹትም ሆኑ «ምንም አልጎደለብንም» የሚሉት ይህንን ሲያነሡ ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ በ1990 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት የኤርትራ የራሷ ገንዘብ፣ ናቅፋ መጣ። አስመራ ናቅፋና ብር አንድ ለአንድ እየተመነዘሩ በሁለቱም አገር ይሥሩ አለች። አዲስ አበባ አልተቀበለችም፤ የብሩን ኖት ቀየረችና፣ ከ2,000 ብር በላይ የሆነ ንግድ በውጭ ምንዛሪ፣ በባንክ በኩል፣ ኤልሲ (ባንክ ለሻጩ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) ተከፍቶ ይሁን አለች። ለድንበር ነዋሪ የተተወለት ከዚያ በታች ያለው ብቻ ነበር። ማን ትክክል ነበር? በእኔ አስተያየት አዲስ አበባ ያለችው በየትኛውም ሁለት አገር መካከል የተለመደ አሠራር ነው። አስመራ የፈለገችውም የሚገርም አልነበረም፤ ገበያዋ ያለው እዚህ ነው፣ ፋብሪካዎቿ ከሚያመርቱት ወደ ውጭ የምትልከው አብዛኛው የሚሸጠው ኢትዮጵያ ውስጥ ነበር። አጥፍታችኋል የምላቸው ሁለቱንም ነው፤ ይህ ጥያቄ መመለስ የነበረበት ገና በ1985 ዓ.ም. ነው። ሁለት ወንድማማቾች የአባታቸውን መሬት በሽማግሌ ፊት ተቃቅፈው ይካፈሉና ስለ ምንጩ ሳይነጋገሩ ይለያያሉ፤ በመጀመሪያው በጋ ዱላ ይማዘዛሉ። የሆነው ይኸው ነው።

ለደሴ ነጋዴ ትርጉሙ ምን ነበር? ትናንት በኪሱ ብር ይዞ ሄዶ ጨው የሚጭን ሰው ዛሬ ባንክ ገብቶ ዶላር ይጠይቃል፤ ለጨው ዶላር! በዚያ ላይ የባንክ ወረፋውን ጨምሩበት። ጥይት ሳይተኮስ በፊት ንግዱ መቀዝቀዝ ጀምሮ ነበር። መንፈቅ ሳይሞላ፣ በዚያው ዓመት በሚያዝያ መጨረሻ ባድመ ላይ ተኩስ ተከፈተ፤ የአሰብ መንገድም ተዘጋ። አጎቴ ኮምቦልቻ ላይ ጭኖ ሳለ ነው «አትውጣ» የተባለው።

ከዚህ በኋላ ያለው ወጪ በየትኛው ዓምድ እንደሚገባ እኔም አላውቅ። አሰብ ወደብ ላይ ይሠሩ ከነበሩት ሰዎች መካከል ኢትዮጵያውያን እጅግ ብዙ ነበሩ፤ የወሎ ልጆችም ነበሩባቸው። ቤት ሠርተው፣ ልጅ ወልደው የሚኖሩ ሰዎች ሻንጣ እንኳን በወጉ ሳይዙ ተመለሱ። ከዚህም በኩል በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ኤርትራውያንና የኤርትራ ተወላጆች ተባረሩ፤ ከእነርሱ ውስጥ በየከተማችን ሱቅና ጋራዥ የነበራቸው፣ ከእኛ ሌላ አገር የማያውቁ ነበሩ። የአንድ ከተማ ጎበዝ መካኒክ በአንድ ሌሊት ሲጠፋ የሚደርሰውን ጉዳት የትኛው የኢኮኖሚ ሪፖርት መዘገበው?

የእህቴ ልጅ ኢኮኖሚክስ ተምሯል፤ «ምንም አልጎደለም» ከሚሉት ወገን ነው። ባለፈው በዒድ ማግሥት ከአጎቴ ጋር ተያያዙ። «አባባ፣ ጭነቱ ወደ ጅቡቲ ዞረ እንጂ አልቆመም። ፋብሪካው፣ መንገዱ፣ የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሳይቀር የተሠራው በጅቡቲ ወደብ ነው» አለው። አጎቴ «ወላሂ አንተ ልጅ፣ ባቲን ሄደህ እያት» ብቻ አለው።

ልጁ የያዘው ነጥብ አለ፤ አልክድም። ከእርሱም አልፌ ልጨምርለት እችላለሁ። ከሚሌ በገዋኔ አድርጎ አዋሽ የሚወጣው መንገድ ከመገንጠሉ አስቀድሞ የተሠራ ነው፤ የአዲስ አበባን ጭነት ከኮምቦልቻና ከደሴ ላይ ቀድሞ የወሰደው እርሱ ነው። ስለዚህ «ወሎን የገደላት መገንጠሉ ነው» የሚሉ ሰዎች የዚያን መንገድ ድርሻ ቀንሰው ይናገሩ። የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያም ቢሆን አዋጭ አይደለም ተብሎ የቆመው ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት ነው።

ሆኖም «አድገናልና አልከሰርንም» የሚለው አባባል በእኔ መዝገብ አይገባም። ያደገ ሰው ባይከስር ኖሮ ምን ያህል ያድግ እንደነበር ማን አየ? ደግሞስ የአገር አማካይ ባቲን አያሳይም። ዛሬ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የአገሪቱ ዕቃ በአንድ ወደብ ይገባል፤ ክፍያውም በውጭ ምንዛሪ ነው። አማራጭ የሌለው ደንበኛ ዋጋ አይከራከርም፤ ይህን ለማወቅ ኢኮኖሚክስ መማር አያስፈልግም።

ሌላ አገር ቢሆን ክርክሩ የሚያልቅ ይመስለኝ ነበርና እንግሊዞችን ማንበብ ጀመርሁ። እነርሱ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2016 ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት 51.9 ለ48.1 ድምፅ ሰጡ። ከድምፁ በፊት የገንዘብ ሚኒስቴራቸው «ውጡ ካላችሁ ወዲያውኑ የኢኮኖሚ ድቀት ይከተላል» አለ፤ አልተከተለም። ውጡ ባዮቹ ደግሞ «በየሳምንቱ 350 ሚሊዮን ፓውንድ ለኅብረቱ እንልካለን» ብለው ቀይ አውቶቡስ ላይ ጻፉ፤ ተመላሹን ያልቀነሰ ቁጥር ነበር። በትክክል የወጡት በጥር 2020 ነው፤ በዚያው ዓመት ኮሮና መጣ። ዛሬ የትኛው ጉዳት ከመውጣቱ፣ የትኛው ከወረርሽኙ እንደሆነ ሲከራከሩ ይውላሉ። ናቅፋና ጦርነት በአንድ ዓመት እንደተደራረቡብን ማለት ነው። እነርሱ ግን መንግሥትን የማይፈራ የበጀት ተመልካች ቢሮ አላቸው፤ ቢሮው ከኅብረቱ መውጣት በረጅም ጊዜ ምርታማነትን በ4 በመቶ ያህል ይቀንሳል ብሎ ግምቱን ስሌቱን ጨምሮ አውጥቷል። ያልተስማማው ሰው ስሌቱን ይተቻል። ስለ ጉምሩክና ስለ ዓሣ ማጥመጃ ሳይቀር ለዓመታት ተነታርከው፣ ውል የፈረሙት በ2020 መጨረሻ ነው። ያኔ ሰው ሁሉ ንትርኩ አሰልቺ ነው ይል ነበር። እኔ ግን ቀናሁባቸው። ሁለት አገሮች ስለ ዓሣ ሲጨቃጨቁ መዋላቸው ስለ ገንዘብ ሳይነጋገሩ ተቃቅፈው ከመለያየታቸው እጅግ ይሻላል።

ይህንን የምለው ትምህርቱን ስላልወሰድነው ነው። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ሁለቱ መሪዎች ቡሬ ላይ ቆመው ድንበሩን ሲከፍቱ ደሴ በደስታ ሰከረች ብል አላጋነንሁም። አጎቴ ጡረታ ከወጣ ቆይቶም «መንጃ ፈቃዴን አምጡ» አለ። ነገር ግን ቀረጡ ስንት ነው? ናቅፋው በስንት ይመነዘራል? ሸቀጥ የሚያልፈው በየትኛው ሰነድ ነው? ለዚህ ሁሉ የታወቀ ደንብ ሳይወጣ ሰውም ዕቃም ይተላለፍ ጀመር። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር የቡሬ በር ተዘጋ። ለምን እንደተከፈተ ብዙ ተነግሮናል፤ ለምን እንደተዘጋ የነገረን የለም። አሰብ ራሷ በእነዚህ ዓመታት የጭነት መርከብ ሳይሆን የጦር መርከብ ስታይ ቆይታለች፤ ኤምሬቶች ለየመን ጦርነት ሰፈር አድርገዋት ነበር።

አሁን ወሬው «እንዴት እናገኘዋለን» ሆኗል። አንዳንዱ በድርድር ይላል፣ አንዳንዱ በጉልበት። በጉልበት የሚለውን ሰው ወሎ ውስጥ ተቀምጦ መስማት ይከብደኛል፤ በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ ምን እንደደረሰባቸው ለማስታወስ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በድርድር የሚለውን ሰው ግን አጎቴ አንድ ጥያቄ ይጠይቀዋል፦ «እሺ ገባህ እንበል፤ በምን ትከፍላለህ?» የእህቴ ልጅ በዒዱ ማግሥት የመለሰለት «መጀመሪያ እንግባ እንጂ» ብሎ ነው። አጎቴ ስኒውን አስቀምጦ «በ1985ም እንዲሁ ነበር ያሉት» አለው።

እኔ ደግሞ ከእናንተ የምፈልገው ነገር አለ። በ1986 እና በ1990 ዓ.ም. መካከል በአሰብ መስመር የሠራችሁ፣ ወይም የአባታችሁ የጭነት ሰነድ ሣጥን ውስጥ የቀረላችሁ ካላችሁ፣ የወደብ ክፍያው የተጻፈበትን ገጽ ፎቶ አንሥታችሁ ላኩልኝ። የኩንታሉን ዋጋ ከዛሬው የጅቡቲ ክፍያ ጎን አስቀምጬ ማስላት ጀምሬያለሁ፤ በእጄ ያሉት ገጾች ግን በጣም ጥቂት ናቸው። በሚቀጥለው ጊዜ የአሰብ ጨው ሲቀር አፍዴራ እንዴት እንደተካው አጫውታችኋለሁ። ደህና ቆዩ።