ለሰሊሖት የትኛውን መጽሐፍ እንያዝ?

የተከበራችሁ ቄሶች፣ ሽማግሌዎች፣ እናቶችና አባቶች፣ ወጣቶች፤ ሻሎም።

ከአዲስ ዓመት በፊት ያለው ወር፣ ኤሉል፣ ሊገባ ነው፤ የሰሊሖት፣ ማለትም የምሕረት ልመና ጸሎት፣ ጊዜ ነው። በእኛ በቤተ እስራኤል ቄሶች የግዕዝ ጸሎት ያደገ ሰው በእስራኤል ከምኩራብ ምኩራብ ሲሄድ የጸሎቱ ቅኔ፣ ማለትም ፒዩቱ፣ ይለያይበታል። ያጠፋ ሰው የለም፤ ልማዱ ነው የሚለያየው።

ሰፋራዲዎች (ከስፔን፣ ከሰሜን አፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ የመጡ አይሁድ) ከኤሉል መባቻ አንስተው እስከ ዮም ኪፑር (የስርየት ቀን) ለሰሊሖት ይነሣሉ። አሽከናዚዎች (ከአውሮፓ የመጡ አይሁድ) የሚጀምሩት ከሮሽ ሀሻና (የአይሁድ አዲስ ዓመት) በፊት ባለው ቅዳሜ ሌሊት ነው፤ ከበዓሉ በፊት ሰሊሖት ቢያንስ 4 ቀን መሙላት ስላለበት በዓሉ ሰኞ ወይም ማክሰኞ ከዋለ ሳምንት ይቀድማሉ። ያን ሌሊት ከእኩለ ሌሊት በፊት አይጀመርም። እኩለ ሌሊቱ የሚቆጠረው ከፀሐይ መጥለቅ እስከ መውጣት ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ በበጋው ሰዓት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ያልፋል። 6 ላይ የመጣ ሰው ቆሞ ይጠብቃል።

የሰፋራዲ ሰሊሖት ከቀን ቀን እምብዛም አይለወጥም። «አዶን ሀሰሊሖት» ላይ ሐዛኑ (ጸሎት መሪው) የፈጣሪን መጠሪያዎች በፊደል ተራ ሲያወርድ፣ ሕዝቡ «ሐጣኑ ለፋኔኻ፣ ራሔም ዓሌኑ» (በፊትህ በድለናል፣ ማረን) ብሎ ይመልሳል። ማንበብ የሚከብዳቸው አረጋውያን በሳምንት ውስጥ ዜማውን ይይዙታል፤ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። የአሽከናዚው ቅኔ ግን በየቀኑ ይለወጣል፤ የሊታ (ሊቱዌኒያ) እና የፖላንድ ሥርዓትም ለየራሳቸው መጽሐፍ አላቸው። ገጹ አልገጥም ካላችሁ በመጀመሪያ ርእሱ ላይ ስንተኛ ቀን እንደሚል እዩ።

የልማዱ ልዩነት ግን ከሰሊሖት ይሰፋል። ራቢ ዮሴፍ ካሮ በሹልሐን ዓሩኽ (የአይሁድ ሕግ መጽሐፍ)፣ በሼማዕ («እስራኤል ሆይ፣ ስማ») ቡራኬዎች መሐል ፒዩት ማስገባት ጸሎቱን ያቋርጣልና ቢቀር ይሻላል አሉ። የክራኮው ራቢ ሞሼ ኢሰርሌስ ደግሞ ክልክል አይደለም የሚሉ እንዳሉና ልማዱም እንደዚያው እንደሆነ ጻፉ። ሁለቱም ለጸሎቱ ክብር ተቆርቁረው ነው። ስለዚህ እንግዳ ሆናችሁ በገባችሁበት ምኩራብ «ይህ አይባልም» ብላችሁ አትከራከሩ።

ብዙ ጊዜ የሚሳተው ሌላ ነው። ጎህ ሳይቀድ ስምንት ሰው ብቻ ሲገኝ ሐዛኑ ቸኩሎ 13ቱን የምሕረት ባሕርያት ይጀምራል። በኦርቶዶክስ አይሁድ ሥርዓት እነዚህ እንደ ጸሎት የሚባሉት 10 ወንዶች ሲሞሉ ነው፤ በአራማይክ የተጻፉትም ልመናዎች እንዲሁ። ሳይሞላ በዕብራይስጥ ያሉትን ቅኔዎች በሉ፤ አሥረኛው ሲገባ 13ቱን አንድ ላይ ትላላችሁ። ብቻውን የሚጸልይ ሰው ግን ከዘጸአት 34፥6-7 በቶራ ንባብ ዜማ ሊያነባቸው ይችላል።

መጽሐፍ ከመግዛታችሁ በፊት የምኩራባችሁን ጋባይ (አስተባባሪ) ሥርዓቱ የማን እንደሆነና በስንት ሰዓት እንደሚጀመር ጠይቁት።