ሊኑክስ ላይ ጌም፦ ቁልፉ ማን ጋ ይሁን?

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነው የማወራው። ርዕሱ ጌም ነው። ሊኑክስ ላይ ስለሚጫወት ጌም፤ ሊኑክስ ማለት በዊንዶውስ ፋንታ ኮምፒውተር ላይ የሚጫን፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ሲስተም ነው። ጌም የማትወዱ ብትሆኑም አትዝጉት፤ ወሬው መሃል ላይ ኮምፒውተር ያለውን ሰው ሁሉ የሚነካ ቦታ ይደርሳል። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራቸው፤ እንዳንምታታ።

ድሮ ሊኑክስ የሚጠቀም ሰው ስለ ጌም ሲያወራ ይሳቅበት ነበር። ምን ትጫወታለህ ከተባለ መልሱ ያው ሶሊተር ነው፤ ቢበዛ ፔንግዊን በረዶ ላይ የሚንሸራተትበት ጌም። አሁን ነገሩ ተገልብጧል። የፒሲ ጌም የሚሸጥበት የኢንተርኔት ሱቅ ስቲም በየወሩ በሚያወጣው የተጠቃሚዎች ጥናት ኦክቶበር 2025 ላይ የሊኑክስ ድርሻ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመቶ 3ን አለፈ። ትንሽ ነው ትሉ ይሆናል። ትንሽ ነው። ግን ማክ እዚያው ጥናት ላይ 2 አካባቢ ነው የነበረው። ሊኑክስ በጌም ማክን ይበልጣል ብሎ ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት የተናገረ ሰው ቢኖር ጠበል ውሰዱት ይባል ነበር።

እንዴት እዚህ ተደረሰ? መጀመሪያ ያልሠራውን ልንገራችሁ። 1998 ላይ ሎኪ የሚባል ድርጅት ተቋቋመ። ሥራው የዊንዶውስ ጌሞችን ለሊኑክስ እንደገና አዘጋጅቶ መሸጥ ነበር። 2002 ላይ ተዘጋ። ገዢ የለም። ገዢ ስለሌለ ጌም የሚሠራ የለም፤ ጌም ስለሌለ ገዢ አይመጣም። ነገሩ በዚህ አዙሪት ውስጥ ዓመታት ቆየ።

2012 ላይ የቫልቭ አለቃ ጌብ ኒዌል፣ ያው የስቲም ባለቤት ማለት ነው፣ ዊንዶውስ 8 ለፒሲው ዓለም መዓት ነው ብሎ በአደባባይ ተናገረ። ለምን እንደዚያ አለ? ማይክሮሶፍት የራሱን ሱቅ ዊንዶውስ ውስጥ ከትቶ መጣ። የቫልቭ እንጀራ ደግሞ ሱቅ ነው። የምትነግድበት ቤት አከራይህ በሩ ላይ የራሱን ሱቅ ሲከፍት እንቅልፍ ይወስድሃል? ስለዚህ 2013 ላይ ስቲምን ለሊኑክስ አወጡ። 2015 ላይ ስቲም ማሽን የሚባሉ ሊኑክስ የተጫነባቸው የጌም ኮምፒውተሮች ገበያ ገቡ። ከሰሩ። ምክንያቱ ያው የድሮው ነው፦ ሰው ዕቃውን ገዝቶ ምን ይጫወትበት?

እንግዲህ መፍትሔው ከየት መጣ መሰላችሁ? ጌም ሠሪዎችን መለመን ከመተው ነው።

ዋይን የሚባል ሶፍትዌር አለ፤ ከ1993 ጀምሮ እየተሠራ ነው። አንድ የዊንዶውስ ፕሮግራም ይህን ፋይል ክፈትልኝ፣ ይህን ድምፅ አሰማልኝ ብሎ ሲጠይቅ ዋይን መሃል ገብቶ ጥያቄውን ለሊኑክስ በሚገባው መንገድ ያቀርባል። አስጨናቂው ምስሉ ነበር። አብዛኞቹ የፒሲ ጌሞች ምስል የሚስሉት በማይክሮሶፍቱ ዳይሬክትኤክስ ነው፤ ያንን በደህና ፍጥነት ማስኬድ ዋይንን አቅቶት ኖረ። 2016 ላይ ቩልካን የሚባል አዲስ የግራፊክስ ስታንዳርድ ወጣ። በማግስቱ ዓመት ፊሊፕ ሬቦሌ የሚባል ሰው ኒር አውቶማታ የሚባለውን ጌም ሊኑክስ ላይ መጫወት ፈለገ። እንቢ አለው። ቁጭ ብሎ ዳይሬክትኤክስ 11ን ወደ ቩልካን የሚቀይር ፕሮግራም ጻፈ። ዲኤክስቪኬ ይባላል። ቫልቭ አየውና ቀጠረው። ኦገስት 2018 ላይ ዋይንና ዲኤክስቪኬ አንድ ላይ ሆነው ፕሮቶን በሚል ስም ስቲም ውስጥ ገቡ። ይህን ታሪክ በጣም ነው የምወደው። አንድ ሰው አማረው፣ ሁላችንም በላን።

ውስጡ ምን እንደሚመስል ማየት ከፈለጋችሁ ቀላል ነው። ሊኑክስ ላይ ስቲም ካላችሁ ኮምፓትዳታ የሚባል ፎልደር አለ። ስትከፍቱት ቁጥር ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ቁጥር አንድ ጌም ነው። አንዱን ግቡበት። ውስጡ ድራይቭ ሲ አለ። አዎ፣ የዊንዶውሷ ሲ። ዊንዶውስ የሚል ፎልደር አለ፣ ሲስተም 32 አለ፣ ተጠቃሚዎች የሚለው ውስጥ ደግሞ ስቲምዩዘር የሚባል አንድ ሰው ይኖራል። የሌለ ሰው ነው። ጌሙ ግን ስቲምዩዘር የሚባል ሰው ዊንዶውስ ላይ ተቀምጦ እየተጫወተው ይመስለዋል። ለእያንዳንዱ ጌም እንዲህ ያለ የውሸት ዊንዶውስ ለብቻው ይሠራለታል። እኔ አንዳንዴ ሥራ ሲሰለቸኝ ገብቼ አያታለሁ። ምን እንደሚያስቀኝ አላውቅም፣ ብቻ ያስቀኛል።

ከዚያ ፌብሩዋሪ 2022 ላይ ስቲም ዴክ መጣ። በእጅ የሚያዝ ጌም መጫወቻ ነው፤ መነሻ ዋጋው 399 ዶላር ነበር፤ ውስጡ ሊኑክስ ነው። ከገዙት ሰዎች ስንቱ ሊኑክስ መሆኑን እንደሚያውቅ እንጃ፤ ደግሞም ማወቅ አይጠበቅበትም። ሊኑክስ ድሮ የጎደለው ይኼ ነበር፤ ሳያውቀው የሚጠቀም ሰው። በዚያው ወር ኤልደን ሪንግ ወጣ። ዊንዶውስ ላይ ምስሉ ቆም ሄድ፣ ቆም ሄድ እያለ ሰውን አማረረ። የቫልቭ ልጆች በፕሮቶን በኩል አስተካከሉት፤ ዴክ ላይ ከዊንዶውሱ የተሻለ ለስላሳ ሆነ። ለዊንዶውስ የተሠራ ጌም ሊኑክስ ላይ ተሽሎ ሄደ ማለት ነው።

የሚያዝኑ ሰዎች አሉ። ለሊኑክስ ተብሎ በቀጥታ የሚሠራ ጌም ቀረ፣ የዊንዶውስ ጥገኛ ሆንን ይላሉ። ይገባኛል። እኔን ግን ብዙም አያሳዝነኝም። ለሊኑክስ ተብለው የተሠሩትን ጌሞች ታስታውሳላችሁ? ብዙዎቹ አንዴ ከወጡ በኋላ ዞር ብሎ የሚያያቸው አልነበረም። ከዓመታት በኋላ የሊኑክሱ አልከፍት ሲል የዊንዶውሱ በፕሮቶን እየከፈተ አሳፈረን።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። ሊኑክስ ላይ የማይሠራው የቱ ጌም ነው? አዲስ አበባ ውስጥ ጌም ሲባል ኳስ ነው፤ የፕሌይስቴሽን ቤቶቹን ታውቋቸዋላችሁ። ፒሲ ላይ ከፊፋ 23 ጀምሮ ያለው የኢኤ ኳስ፣ አሁን ኤፍሲ የሚባለው፣ ሊኑክስ ላይ አይከፈትም። ቫሎራንት አይከፈትም። ፎርትናይት አይከፈትም። ባትልፊልድ 6 አይከፈትም። ጂቲኤ ኦንላይን ይሠራ ነበር፣ ሴፕቴምበር 2024 ላይ ቆመ። ኤፔክስ ሌጀንድስ ይሠራ ነበር፣ በማግስቱ ወር ሆን ተብሎ ተዘጋ።

ኮምፒውተሩ አቅቶት አይደለም። የከለከለው አንቲቺት ነው፤ አጭበርባሪ የሚያባርረው ሶፍትዌር። አንቲቺቶቹ እየቆዩ ወደ ከርነል ወረዱ፤ ከርነል ማለት ከሲስተሙ ሁሉ በታች ያለው፣ ሁሉን የሚያይና ሁሉን የሚያዝ ክፍል ነው። ዊንዶውስ ላይ እዚያ የሚገባ ድራይቨር፣ ማለትም ከከርነሉ ጋር አብሮ የሚሠራ ፕሮግራም፣ የማይክሮሶፍት ፊርማ ያስፈልገዋል። ሊኑክስ ላይ ግን ማንም ሰው የራሱን ከርነል አስተካክሎ መጫን ይችላል። ስለዚህ አንቲቺቱ ያንን ከርነል አላምንም ይላል። የኤፔክስ ሰዎች ሲዘጉ የሰጡት ምክንያት ይኸው ነው፤ የሊኑክስ ክፍትነት ለአጭበርባሪ ይመቻል አሉ።

ነገሩ ውሸት አይደለም፤ እንመን። በግድግዳ አሳልፎ የሚያይ ልጅ ገጥሟችሁ የሚያውቅ ከሆነ ንዴቱን ታውቁታላችሁ። ምሽቱን ሙሉ ያበላሽባችኋል። ጌም ሠሪዎቹ መቆጣታቸው ልክ ነው።

ግን እስቲ አስቡት። ዊንዶውስ ላይ ከርነል ድረስ ገብተውም አጭበርባሪ አልጠፋም። ሁለተኛ ኮምፒውተር አጠገብ አስቀምጠው የመጀመሪያው ላይ በሚሰካ ካርድ ሜሞሪውን የሚያነቡ አሉ። በሌላ በኩል ኢዚ አንቲቺትና ባትልአይ፣ ሁለቱ የታወቁት፣ ከ2021 ጀምሮ በፕሮቶን ይሠራሉ፤ ጌም ሠሪው እሺ ካለ ብቻ። ኤልደን ሪንግ ራሱ ኢዚ አንቲቺትን ይዞ ሊኑክስ ላይ ይሠራል። የዚህ የኢዚ አንቲቺት ባለቤት ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ኤፒክ። የፎርትናይት ባለቤት። የራሱ ዕቃ ሊኑክስ ላይ ለሌላው ይሠራል፣ ለእሱ ጌም ግን አይፈቀድም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው።

ቅድም ሁላችንንም ይነካል ያልኳችሁ ቦታ እዚህ ጋ ነው። ጁላይ 19 ቀን 2024 ትዝ ይላችኋል? አውሮፕላኖች ከበረራ የቀሩበት፣ ሆስፒታሎች የተቸገሩበት ቀን። ክራውድስትራይክ የሚባል የሴኪዩሪቲ ድርጅት የተሳሳተ አፕዴት ለቀቀ፤ 8.5 ሚሊዮን ገደማ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ወደቁ። እንዲህ ሊጥላቸው የቻለው ሶፍትዌሩ ከርነል ውስጥ ስለሚቀመጥ ነው። ያ ድርጅት ሥራው ጥበቃ ነው። ማይክሮሶፍት ራሱ ከዚያ በኋላ የጥበቃ ሶፍትዌሮችን ከከርነል የሚያስወጣ መንገድ መሥራት ጀምሯል። ታዲያ የባንክ አፕ የምከፍትበት፣ የቤተሰቤ ፎቶ ያለበት ላፕቶፕ ላይ ለኳስ ጌም ብዬ ከሁሉ በታች ያለውን ቁልፍ አስረክባለሁ? አላስረክብም። ይቅርብኝ። ገንዘቤን ከፍዬ የገዛሁት ዕቃ ላይ ከእኔ በላይ አዛዥ እንዲኖር አልፈልግም። ሌላው ሰው ቢፈልግ መብቱ ነው፤ ቢያንስ ምን እየሰጠ እንደሆነ ይወቅ።

በዚህ ላይ አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። የተጫዋቾቹ ሊኑክስ ዛሬ የቆመው በአብዛኛው በቫልቭ ደመወዝ ነው። ኮዱ ክፍት ነው፤ ዋይንም ፕሮቶንም ማንም ወስዶ ሊቀጥልበት ይችላል። ኮድ ግን ብቻውን አይራመድም፣ በየቀኑ የሚጠግነው ሰው ይፈልጋል። ቫልቭ የግል ድርጅት ነው፤ ኒዌል ደግሞ የ1962 ልጅ ነው። ዕድሜ ይስጠው። ከእሱ በኋላ የሚመጣው ሰው ከማይክሮሶፍት ጋር ታርቆ ቢያድርስ? ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ። ለዚህ ነው ሌኖቮ 2025 ላይ ስቲምኦኤስ፣ ያው የቫልቭ ሊኑክስ፣ የተጫነበትን ሊጅን ጎ ኤስ የሚባል በእጅ የሚያዝ ጌም መጫወቻ ሲያወጣ ደስ ያለኝ። ዕቃውን ልገዛው አይደለም፤ ሌላ ድርጅት እጁን ማስገባቱ ነው ደስ ያለኝ።

ቫልቭ ራሱ ኖቬምበር 2025 ላይ ያንን የከሰረ ስም፣ ስቲም ማሽንን፣ እንደገና ይዞ መጣ። አብሮት ያስተዋወቀው ስቲም ፍሬም የሚባል የቪአር መነጽር፣ ማለትም ዓይን ላይ አድርገው ጌሙ ውስጥ የገቡ ያህል የሚጫወቱበት፣ ደግሞ ውስጡ እንደ ስልካችን ያለ የአርም ቺፕ ነው። ፌክስ በሚባል ፕሮግራም፣ ለኢንቴል ዓይነት ቺፕ የተሠራውን የፒሲ ጌም አርም ላይ ለማስኬድ ነው ሐሳባቸው። ከማሽኑ ይልቅ እኔን የሚያጓጓኝ ይኼኛው ነው። ዊንዶውስን መምሰል ከተቻለ፣ ቀጥሎ ኢንቴልን መምሰል ነው።

አሁን "ልቀይር ወይስ ይቅርብኝ?" ብላችሁ ቴሌግራም ላይ ለጠየቃችሁኝ። በተለይ አገር ቤት ያላችሁት። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ፕሮሰሰሩ ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ በታች የሆነውን አልቀበልም ይላል። እኛ ሰፈር ያለው ያገለገለ ላፕቶፕ ግን ስንቱ 6ኛና 7ኛ ነው! ለእነዚህ ሊኑክስ ጥሩ ነው። የግራፊክስ ቺፓቸው ቩልካን 1.3ን ስለሚችል አዲሱ ዲኤክስቪኬ ይሠራላቸዋል። ከባድ ጌም አትጠብቁ፤ ቀለል ያለውንና የቆየውን ይችላሉ። 4ኛ ትውልድ ከሆነ ግን ራሳችሁን አታድክሙ። ለሥራና ለኢንተርኔት ሊኑክስ ጫኑበት፣ ለጌም አይሆንም፤ አሮጌ ዲኤክስቪኬ ፈልጎ መታገል ነው ትርፉ።

ደግሞ እውነቱን እንነጋገር። ሰፈር ውስጥ ብዙው ጌም የሚመጣው በፍላሽ ነው። የፕሮቶን ምቾት ደግሞ ያለው ስቲም ላይ ነው፤ ስቲም ዶላርና የውጭ ካርድ ይፈልጋል። ይህ ሊኑክስ የሚፈታው ችግር አይደለም። ስቲም ላይ በነጻ የሚሰጡ ጌሞች አሉ፤ ዶታ 2 እና ካውንተር ስትራይክ 2 ከቫልቭ ቤት የወጡ ስለሆኑ ለሊኑክስ በቀጥታ የተሠሩ ናቸው። ከእነሱ ጀምሩ።

ጓደኞቻችሁ ማታ ማታ ቫሎራንት ላይ የሚገናኙ ከሆነ ግን አትቀይሩ። በቃ። ሰው ጌም የሚጫወተው ከሰው ጋር ለመሆን ነው፤ ለመርህ ብላችሁ ከጓደኛ አትለዩ። ዲስኩን ለሁለት ከፍላችሁ ሁለቱንም ጫኑ፤ ዊንዶውሱ ላይ ጌም ብቻ፣ የግል ነገራችሁ በሙሉ ሊኑክሱ ላይ። ሊኑክሱን ስትጭኑ ዲስኩን ኢንክሪፕት አድርጉት፣ ማለትም በይለፍ ቃል ቆልፉት፤ ዊንዶውሱ ገብቶ እንዳያነበው።

ስለ ኤንቪዲያ የግራፊክስ ካርድ ድራይቨር የጠየቃችሁኝ አላችሁ፤ አልረሳኋችሁም። እሱ ራሱን የቻለ ንዴት ስለሆነ ለብቻው አንድ ክፍል እሠራበታለሁ። እስከዚያው የካርዳችሁን ሞዴል እየጻፋችሁ ላኩልኝ። ቻው ቻው።