ኖናዎች የሚናገሩት ቋንቋ
(ቬኔቶ ውስጥ ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ የጣልያንኛ ተማሪዎች የተዘጋጀ ንግግር)

ጤና ይስጥልኝ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ። ሥራ ውላችሁ፣ ደክሟችሁም ቢሆን ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ደጋግማችሁ የምታነሱት አንድ ቅሬታ አለ። «ክፍል ውስጥ ይገባኛል፤ ሥራ ቦታ ግን ምንም አልሰማም» ትላላችሁ። በተለይ ባዳንቴ ሆናችሁ አረጋውያን የምትጦሩ እህቶች። ኖናዋ (አያቷ) ሹካ ሲፈልጉ «ፎርኬታ» አይሉም፤ «ፒሮን» ነው የሚሉት። ወንበር «ካሬጋ» ነው። ሲርባቸው፣ መጽሐፋችሁ «ኦ ፋሜ» ብሎ ያስተማራችሁን፣ እሳቸው በቬኔቶኛ «ጎ ፋሜ» ይሉታል።

«ስላልተማሩ ነው ቋንቋውን የሚያበላሹት» ሲባል እሰማለሁ። ከጣልያኖችም፣ ከእኛም ሰው። ይህ አነጋገር ያመኛል። አንድን ሙሉ ትውልድ አፉን ሲያሲዝ የኖረ አነጋገር ነው። ዛሬ የመጣሁትም ስለዚሁ ለመናገር ነው።

እኛ ዘዬ ሲባል ጎጃምና ሸዋ፣ ጎንደርና ወሎ ነው የሚታየን። ጎጃሜና ሸዌ ተገናኝተው ቢያወሩ ይግባባሉ። አንዱ በሌላው አነጋገር ፈገግ ቢል ነው። ጣልያኖች «ዲያሌቶ» የሚሉት ግን ከዚህ በጣም ይርቃል። አንድ የሲሲሊያ ገበሬና አንድ የፒየሞንቴ ገበሬ በየዲያሌቷቸው ቢያወሩ አይግባቡም። ምክንያቱም ዲያሌቶዎቹ ከጣልያንኛ የወጡ አይደሉም። ቬኔቶኛውም፣ ናፖሊኛውም፣ ሲሲሊኛውም፣ ጣልያንኛውም የላቲን ልጆች ናቸው። እህትማማቾች ናቸው፤ አንዷ የሌላዋ ልጅ አይደለችም።

ሰዋስውም አላቸው። በጣልያንኛ «ትበላለህ» ለማለት «ማንጂ» ካላችሁ በቂ ነው። በቬኔቶኛ ግን «ቴ ማኚ» ትላላችሁ። ያቺ «ቴ» ከግሱ በፊት መግባት አለባት። ይህን ያወጣ ትምህርት ቤት የለም፤ ኖናዋ ግን አይስቱትም። ደግሞ ይህ የመንደር ወሬ ማውሪያ ብቻ ሆኖ የኖረ ቋንቋ አልነበረም። የቬኔዚያ ሪፐብሊክ እስከ ወደቀችበት እስከ 1797 ድረስ፣ ጠበቆች ፍርድ ቤት ቆመው የሚከራከሩት በቬኔቶኛ ነበር።

ታዲያ ጣልያንኛ ከየት መጣ? ከፊሬንዜ። የዛሬው ብሔራዊ ቋንቋ መሠረቱ የአንድ ከተማ አነጋገር ነው። በ1300ዎቹ ዳንቴ፣ ፔትራርካና ቦካቾ በዚያ አነጋገር ታላላቅ ሥራዎች ጻፉ። በ1525 ፒየትሮ ቤምቦ የሚባል ሰው፣ ጸሐፊ ሁሉ የፔትራርካንና የቦካቾን ቋንቋ ይከተል ብሎ ተከራከረ። ልብ በሉ፣ ቤምቦ ራሱ የቬኔዚያ ሰው ነው። ሐሳቡም አሸነፈ። ስለዚህ ጣልያንኛ ለብዙ መቶ ዓመታት በዋናነት የጽሑፍ ቋንቋ ሆኖ ቆየ። የተማረ ሰው ይጽፈዋል፤ ቤቱ ሲገባ ግን የሰፈሩን ቋንቋ ያወራል።

ጣልያን በ1861 አንድ አገር ስትሆን ጣልያንኛ የሚናገረው ሕዝብ ምን ያህል ነበር? የቋንቋ ምሁሩ ቱሊዮ ዴ ማውሮ 2.5 በመቶ ገደማ ነው ብለው ገመቱ። ሌላው ምሁር አሪጎ ካስቴላኒ ደግሞ ወደ 10 በመቶ ከፍ አደረጉት። ትልቁን ቁጥር ብንወስድ እንኳ፣ ከአሥር ሰው ዘጠኙ የአገሩን ቋንቋ አይናገርም ነበር ማለት ነው። የመጀመሪያው ንጉሥ ቪቶሪዮ ኤማኑኤሌ ሁለተኛም አፋቸውን የሚፈታላቸው ፒየሞንቴኛ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጣልያንኛ ቀስ እያለ ተስፋፋ። በትምህርት ቤት፣ በወታደር ቤት፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምሽግ ውስጥ። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ከደቡብ ወደ ቶሪኖና ሚላኖ ፋብሪካዎች በፈለሰው ሕዝብ። የካላብሪያው ሰው ከቶሪኖው ጋር ለመሥራት የጋራ ቋንቋ ያስፈልገዋል። ቴሌቪዥኑም ጥር 1954 መደበኛ ስርጭት ጀመረ።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ እናንተን ይመለከታልና። ከ1960 እስከ 1968 አልቤርቶ ማንዚ የተባለ አስተማሪ በቴሌቪዥን ለአዋቂዎች ማንበብና መጻፍ ያስተምር ነበር። የፕሮግራሙ ስም «መቼም ቢሆን አልረፈደም» እንደማለት ነው። ማንዚ በትልቅ ወረቀት ላይ በከሰል ሥዕል ይሥላል፤ ከሥዕሉ ፊደል ያወጣል። ተማሪዎቹ ቀን እርሻና ግንባታ ላይ የሚውሉ ሰዎች ነበሩ። ቤታቸው ቴሌቪዥን የሌላቸው በጋራ ቦታ ተሰብስበው ይከታተሉ ነበር። በዚህ መንገድ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው የአንደኛ ደረጃ የምስክር ወረቀት እንዳገኘ ይነገራል። ሰውዬው ተማሪዎቹን አላሳፈረም። ለዚህ ነው እስካሁን በፍቅር የሚታወሰው። እናንተ ዛሬ ማታ የተቀመጣችሁበት ወንበር ላይ ትናንት የተቀመጡት ጣልያኖቹ ራሳቸው ናቸው።

ጣልያንኛ መስፋፋቱ ጥሩ ነበር። በደንብ ይሰመርበት። የሚፈርመውን ውል ማንበብ ያልቻለ ገበሬ ይበደላል። ዳኛው የሚለው ያልገባው ሰው ይበደላል። የጋራ ቋንቋ ለድሃ ሰው ጋሻ ነው።

የሚያሳዝነው አብሮ የመጣው ሐፍረት ነው። የፋሺስቱ መንግሥት ዲያሌቶን ከትምህርት ቤትና ከጋዜጣ ለማጥፋት ሞከረ። ከፋሺዝም በኋላም ነገሩ አላበቃም። ልጆች ክፍል ውስጥ ዲያሌቶ ሲያመልጣቸው ይገሠጹ፣ ይሳቅባቸው ነበር። እነዚያ ልጆች ወላጅ ሲሆኑ የራሳቸውን ልጆች «በደንብ አውራ!» እያሉ አሳደጉ። «በደንብ» ማለት በጣልያንኛ ማለት ነው። ዛሬ ብዙ ቤት ውስጥ ኖኖና ኖና እርስ በርስ በዲያሌቶ ያወራሉ፤ ወደ ልጅ ልጃቸው ሲዞሩ ወደ ጣልያንኛ ይቀይራሉ። ይህን በምትጦሩበት ቤት አይታችሁታል።

የጣልያን የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ኢስታት በ2015 ባደረገው ጥናት፣ ቤት ውስጥ በዋናነት ዲያሌቶ የሚናገረው 14 በመቶ ብቻ ነበር። 32 በመቶ ገደማው ሁለቱን ይቀላቅል ነበር። ቬኔቶ፣ ናፖሊና ሲሲሊያ አሁንም ጠንካሮች ናቸው። ሚላኖና ቶሪኖ ውስጥ ግን ዲያሌቶ የሚሰማው ከስንት አንዴ ነው።

ሕጉም ሁሉንም እኩል አያይም። በ1999 የወጣው ሕግ ቁጥር 482 ለ12 አናሳ ቋንቋዎች ጥበቃ ይሰጣል። ጎረቤታችን ፍሪዩሊኛ ዝርዝሩ ውስጥ አለ፤ ሰርዴኛም አለ። ቬኔቶኛ፣ ናፖሊኛና ሲሲሊኛ ግን የሉም። ቬኔቶ በ2007 የራሱን የክልል ሕግ አውጥቷል። በአገር ደረጃ ግን ዛሬም «ዲያሌቶ» ነው። እንደ እኔ እምነት ይህ ትክክል አይደለም።

ደግሞ ዲያሌቶን አጥር ለማድረግ የሚሞክሩ ፖለቲከኞች አሉ። ደቡቡንም እኛንም ከውጭ ለማስቀረት። አትስሟቸው። ቋንቋ የለመደው ሰው ሁሉ ሀብት ነው። እዚሁ አብረዋቸው ከሚሠሩት ሰዎች አፍ ቬኔቶኛ የለመዱ ስደተኞች ሞልተዋል።

አሁን ወደ ሥራችሁ ልመለስ። የመርሳት ሕመም በያዛቸው አረጋውያን ላይ ብዙ ጊዜ የሚታይ ነገር አለ። ከትምህርት ቤት የመጣው ጣልያንኛ ቀድሞ ይሸሻል፤ ከእናት የተወረሰው ይቆያል። ስለዚህ የሕመም፣ የውኃ፣ የሽንት ቤት፣ የብርድ ቃላትን በዲያሌቶ እወቁ። «ኮሜ ሲ ዲቼ ኢን ዲያሌቶ?» (በዲያሌቶ ምን ይባላል?) ብላችሁ ጠይቁ። ደብተራችሁ ላይ አንድ ገጽ ስጡት። መናገር ግዴታ አይደለም፤ መስማት ግን ያስፈልጋችኋል።

ኩዌስቱራ (ፖሊስ መሥሪያ ቤት)፣ ሐኪም ቤት ወይም ኮንትራት ፊርማ ላይ ግን ሌላ ነው። በዲያሌቶ ካናገሯችሁ «ኢን ኢታሊያኖ፣ ፔር ፋቮሬ» (በጣልያንኛ፣ እባክዎ) በሉ። ሳታፍሩ፣ ረጋ ብላችሁ። መብታችሁ ነው።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። አሁን ጥያቄ ያለው ይጠይቅ፤ ከቤት ያልገባችሁን ቃል ይዛችሁ የመጣችሁም ካላችሁ ከእሱ እንጀምር።