ጊር እና ትጥቅ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ይዤ መጥቻለሁ። «ጊር»።

የዓሣ አስጋሪው መረብና መንጠቆ ጊር ነው። ሞተረኛው የሚለብሰው ጃኬትና ሄልሜት ጊር ነው። አውሮፕላን የሚያርፍበት እግርም ጊር፣ መኪና ውስጥ ያለው ባለ ጥርሱ ብረትም ጊር። እንዴት ነው ይሄ ሁሉ በአንድ ቃል የሚጠራው?

ቃሉን ወደ እንግሊዝ ያመጡት ቫይኪንጎች፣ ከስካንዲኔቪያ በመርከብ የመጡት ተዋጊዎች ናቸው። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰሜኑንና ምሥራቁን ይዘው ሲቀመጡ ብዙ ቃል አወረሱ፤ ቢላዋን «ናይፍ»፣ መስኮትን «ዊንዶው» የሚያሰኘው የእነሱ ቋንቋ ነው። «ገርቪ» ሲሉ ልብስና የጦር ዕቃ ማለታቸው ነበር። ከሥሩ ደግሞ «ዝግጁ» የሚል ሐሳብ አለ። ስለዚህ የድሮው እንግሊዛዊ ጊር ሲል ጥሩሩን ለብሶ፣ ሰይፉን ይዞ፣ ለመውጣት የተሰናዳ ሰው ነው የሚታየው።

እኔን በጣም ደስ ያለኝ እኛም በራሳችን መንገድ እዚያው መድረሳችን ነው። «ትጥቅ» በሉ እስቲ። ታጠቀ፣ መቀነቱን ወገቡ ላይ አሰረ። ከዚያ መሣሪያውም ትጥቅ ተባለ፣ የኳስ ተጫዋቹ ማሊያና ታኬታም የስፖርት ትጥቅ ሆነ። «ታጥቆ ተነሳ» ስንል ደግሞ ወገቡ ላይ ምንም ባይኖርም ተዘጋጀ ማለታችን ነው። ልብስ፣ መሣሪያ፣ ዝግጁነት። ያው ጊር!

ጥርሱ የመጣው በኋላ ነው፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን። የማሽን ዕቃ ሁሉ ጊር ይባል ስለነበር፣ ቀስ በቀስ ስሙ እርስ በርስ ተነካክሰው ለሚዞሩት ክፍሎች ሆነ። የእንግሊዝ የውኃ ወፍጮዎች ላይ ከሚነካከሱት ሁለት መንኰራኩሮች አንዱ ከብረት ሆኖ የሌላው ጥርስ ከእንጨት፣ ብዙ ጊዜ ከፖም ዛፍ ይሠራ ነበር። ድንገት አንድ ነገር ከተቀረቀረ የሚሰበረው እንጨቱ ነው፤ ብረቱ ይተርፋል፣ ጥርሱን አውጥቶ ሌላ መሰካት ነው። እንዴት ያለ ብልሃት ነው!

እኛ ይሄን ጊር አልወሰድንም። ጋራዦቻችን ከጣሊያንኛው ማርቻ «ማርሽ» አሉት፣ ከፍሬንና ከካንዴላ ጋር አብሮ የገባ ነው። ከዚያም ከመኪና አውጥተን ለሰው ሰጠነው። ምሩጽ ይፍጠር እ.ኤ.አ. በ1980 ሞስኮ ላይ 10,000 ሜትሩን ሊጨርስ 300 ሜትር ያህል ሲቀረው ፍጥነቱን ጨምሮ ሁሉንም ጥሎ ሄደ፣ 5,000ውንም ወሰደ፤ እስከ ዛሬ ስሙ ሲነሳ «ማርሽ ቀያሪው» ነው የምንለው።