ስማቸው ይውጣ የምትሉ ሰዎች እስቲ ስሙኝ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ እናቶች፣ ወንድሞች፣ ከአዲስ አበባና ከኮምቦልቻ የመጣችሁ ልጆቻችን፣ እንኳን በደኅና መጣችሁ። ጸሎቱን አድርሰናል፣ ቡናውም እየተቆላ ነው። ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ዘንድሮ የክርስትና መዝገቡን ፎቶ አስነሥተናል። የአጥሩን በር አስጠግነናል። የአዛውንቶችን ቃል ቀድተናል። በቃ፣ ይኼው ነው። የቀረው ጊዜ በክርክር አለቀ።

ነገሩን ታውቁታላችሁ። የቤተ ክርስቲያናችንን ታሪክ እናሳትም ብለን ስንነሣ ከዕቃ ቤቱ አንድ ደብተር ወጣ። ጥግ ጥጉን አይጥ ቀምሶታል። ጣሪያው ከሣር ወደ ቆርቆሮ ሲለወጥ ማን ምን እንዳዋጣ ተጽፎበታል። አንድ ቆርቆሮ። ግማሽ ኪሎ ሚስማር። የሁለት ቀን ጉልበት። ታዲያ ሐጂና ሼህ የሚል ስም በየገጹ አለ። የአንዱ ሐጂ መዋጮ «ግመል፣ ለሦስት ቀን፣ እንጨት ለማመላለስ» ይላል።

አንዳንድ አባላት ግን «መጽሐፉ የቤተ ክርስቲያን ነው፣ የእነሱ ስም ከውስጡ ይውጣ» አሉ።

እዚሁ አጠገባችን የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። የገዳሙ አበምኔት የነበሩት አባ ኢየሱስ ሞዓ በ1273 ዓ.ም. ባስጻፉት ወንጌል ላይ ለገዳሙ የሰጧቸው መጻሕፍት ተዘርዝረዋል። የሰጠን ሰው መመዝገብ በአገራችን ከ700 ዓመት በላይ የኖረ ወግ ነው። እኛ ማን ሆነን ነው የምንሰርዘው?

ደግሞ የወሎን ታሪክ እናውቃለን። ከ1870ው የቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ የወሎን ሙስሊም ክርስትና ተነሣ ብለው አስገድደዋል። የስንቱ አያት ቤቱን ጥሎ ተሰደደ። ያን የሚያስታውስ ሰው ለቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ግመሉን ሲሰጥ ቀላል ነገር አይደለም። ከመጽሐፉ አንድ ገጽ ብቻ ይትረፍ ብትሉኝ የምመርጠው ያንን ነው።

ቴሌግራም ላይ ሌሊቱን ሙሉ ሲጽፉ ያደሩት ዛሬ አልመጡም። ቪዲዮውን እንደሚያዩት ግን አውቃለሁ። ወንድሜ፣ አንተን ነው። እናትህ እንቁላል ሸጠው መዋጯቸውን ከፍለዋል። አንተ የዓምናውንም አልከፈልክም። የሠርግህን ድንኳን የተከሉልህስ የእነማን ልጆች ነበሩ? ረሳኸው?

ማተሚያ ቤቱ ቅድሚያ ክፍያ ካላየሁ አልጀምርም ብሏል። ከከፈለው አባል ያልከፈለው ይበልጣል። አብሽሩ፣ ዛሬ ይሞላል ብዬ ልመን? ገንዘብ ያዣችን ደረሰኝ ይዘው በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል።

ከምሳ በኋላ ድምፅ እንሰጣለን። ስሞቹ ይውጡ ካላችሁ ሌላ ሊቀመንበር ፈልጉ። እኔ በዚያ መጽሐፍ ላይ አልፈርምም።